ጥላ ሥር የተተከሉት እንሰቶች

አንድ አባት ነበር፤ ስሙ ዘበርጋ ይባላል። የእንሰት አገር ሰው ነው። ሚስቱ ሴት ልጅ ወልዳለት፣ ልጅቱ ገና ዳዴ ሳትል፣ በአንድ የበጋ ቀን እናትየው ከጓሮዋ ራሷን ይዛ ገባችና ተኛች። ትኩሳቱ አልለቅ አላት። የሰፈሩ ሰው «ምች ነው፤ ፀሐይ መትቷት ነው» አለ። ዳማከሴ ተጨመቀላት፣ ታጠነላት፤ አልሆነም። ልትሞት ስትል የባሏን እጅ ያዘችና «ልጄን አደራ» አለችው። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ዘበርጋም ልጁን ሽታዬ ብሎ ስም አወጣላት፤ የእናቷ ሽታ የቀረለት በእሷ ብቻ ነበርና።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዘበርጋ ከፀሐይ ጋር ተቀያየመ። ከቤቱ በስተጀርባ ትልልቅ እንሰቶች ቅጠላቸውን ገጥመው ቀኑን ሙሉ ጥላ የሚያደርጉት ሥፍራ አለ፤ የልጁን መጫወቻ እዚያ አደረገው። ሽታዬ ውኃ አትቀዳም፣ እንጨት አትለቅምም፣ ገበያ አትወርድም። እንስራ ልታነሳ ስታጎነብስ ካየ ከሩቅ እየጮኸ ይመጣል። ገበታ ሲቀርብ መጀመሪያ እሷን ሳያጎርስ አይጎርስም፤ ልጅቱ አድጋ ቁመቷ ትከሻው ላይ ሲደርስ እንኳ ጉርሻው አልቀረም።

«አባዬ፣ እጅ አለኝኮ» ትለዋለች።

«እጅሽን አሳርፊው» ይላታል።

በዚያ አገር እንሰት መትከል የወንድ፣ መፋቅ የሴት ሥራ ነው። ሴቶቹ በደቦ ተሰብስበው የእንሰቱን ግንድ በዘመመ ሳንቃ ላይ ያጋድሙና በተረከዛቸው ረግጠው በቀርከሃ ይፍቁታል። የተፋቀው ነገር የእንሰቱ ቅጠል፣ ኮባው፣ በተነጠፈበት ጉድጓድ ተቀብሮ ሲብላላ ቆጮ ይሆናል። ወንድ እዚያ ቦታ መቆም ቀርቶ በዚያ በኩል ማለፉም ነውር ነው። ዘበርጋ ግን ሚስት የለው፣ ልጁን ማድከም አይፈልግ፤ ምን ያድርግ? በጓሮው ጫፍ አጥር አጠረና ተደብቆ ራሱ ይፍቅ ጀመር። ምኑ ይደበቃል! የሚፋቅ እንሰት ድምፁም ሽታውም አጥር አያግደውም። ሴቶቹ በዚያ ሲያልፉ «እሜቴ ዘበርጋ፣ ዛሬስ እንዴት ነው ፍቂያው?» ይሉታል። እሱም ከአጥሩ ውስጥ «ወገቤን ገደለኝ እንጂ ደህና ነው፤ እናንተስ?» ብሎ ይመልሳል። ይስቃሉ። ራቅ ካሉ በኋላ ግን ከመካከላቸው አንዷ «ለልጅ ሲሉ ምን የማይሆን አለ!» ማለቷ አይቀርም።

ሽታዬ እንዲህ ሆና አደገች። ቁመቷ ረዘመ፤ ጉልበቷ ግን አልተከተላትም። ፊቷ እንደ ገረጣ ነው። ከቤት እስከ ጓሮ ለመድረስ ታለከልካለች፣ መሐል መንገድ ላይ ቆማ ግንድ ትደገፋለች። ዘበርጋ ደካማነቷን ባየ ቁጥር ይበልጥ ያሳርፋታል፤ ባሳረፋት ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ትደክማለች። እሱ ይህን አላየም። የሚያየው የራሱን ጸጉር ሽበትና ጠዋት ጠዋት እየተቆለፈ የሚያስቸግረውን ወገቡን ነው። «እኔ ስሞት ማን ይፍቅላታል? ማን ያጎርሳታል?» እያለ ይጨነቃል። ይህች ጥያቄ እንደ እሾህ ልቡ ውስጥ ተሰክታ ቀረች።

የዚያ አገር ሰው ሴት ልጁ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ አንድ እናት እንሰት ይሰጣታል። ከዚያች እንሰት የሚወጡት ችግኞች የልጅቱ የራሷ ጓሮ ይሆናሉ። ዘበርጋ ለዚህ ቀን ያስቀመጣት አንዲት እንሰት ነበረችው፤ መትከል የወንድ ሥራ ቢሆንም ሟች ሚስቱ በእጇ የተከለቻት ናት። ለዓመታት ቢላ አላስነካትም። አሁን ግን ግንዷ ወፍሮ ልታብብ ተቃርባለች፤ እንሰት ደግሞ አንዴ ካበበች በአሚቾዋ ያጠራቀመችውን ሁሉ ለአበባዋና ለፍሬዋ ከፍላ ትሞታለች። አሚቾ ማለት ከመሬት በታች ያለው ወፍራሙ ሥሯ ነው። ዘበርጋ ከዚያ በፊት ሊቀድማት ወሰነ። ግንዷን ቆረጠ፣ አሚቾዋን አወጣ፣ የመሐሉን ለጋ ልብ ቆርጦ ጣለ፣ በምትኩ አፈርና ፍግ ሞላበት። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ልቧን የሰጠች እንሰት ዙሪያዋን በችግኝ ትሞላለችና።

ሰው ሁሉ የማያደርገውን ያደረገው ከዚህ በኋላ ነው። ሌላው ሰው አሚቾውን ፀሐይ በሚያገኘው ገላጣ ቦታ ይቀብራል። ዘበርጋ ግን ከቤቱ በስተጀርባ፣ ልጁ ባደገችበት ጥላ ሥር ቆፍሮ ቀበራት። «ሚስቴን የገደለ ፀሐይ እንሰቷን ደግሞ አይገድልብኝም» አለ።

ክረምቱ ገባ፤ ችግኞቹ ወጡ። እንዲያውም ፈጥነው፣ ተሽቀዳድመው ወጡ። ዘበርጋ ደስታውን መያዝ አቃተው። ጎረቤቱ እማማ ትርፌ የእንሰት ነገር ሲነሳ አገሩ ሁሉ ምክር የሚጠይቃቸው አዛውንት ናቸው፤ በበራፉ ሲያልፉ ጎትቶ አስገባቸው።

«ይዩልኝ እማማ! ያለ ፀሐይ በቀሉ!»

እማማ ትርፌ በምርኩዛቸው ተደግፈው አዩ። «ይበቅላሉ እንጂ ልጄ» አሉ። «ገና የእናታቸውን ስንቅ እየበሉ ነው።»

ዘበርጋ ከደስታው የተነሣ ይህን ቃል ልብ አላለውም። እሳቸውም ለሚስቅ ሰው ነገር አይደገምም ብለው ሄዱ።

ክረምቱ ሲያልፍ ችግኞቹ መልካቸው ተለወጠ። ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ፤ ግንዳቸው ቀጥኖ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ተንጠራራ፤ ከዚያም ራሱን መሸከም አቅቶት ይጋደም ጀመር። ዘበርጋ ፍግ ጨመረ። አልተሻላቸውም። ደግሞ ጨመረ፤ ውኃ አጠጣ፤ የሚጋደሙትን በእንጨት ደገፋቸው። ትናንት አንዱ ቢሞት ዛሬ ሌላው ይሞታል። መጨረሻ ላይ ነገሩ ከሥር ይሆናል ብሎ ዙሪያውን ቆፈረና እናቲቱን አሚቾ ገልጦ አያት። በሁለት እጅ ታቅፎ ለማንሳት የከበደችው ያቺ ድንጋይ የመሰለች አሚቾ ውስጧ ባዶ ሆኗል። በጣቱ ሲነካት እንደ ረጠበ አመድ ፈረሰችበት።

ዘበርጋ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ሚስቱን ዳግመኛ የቀበራት መሰለው። ሽታዬ ድምፁን ሰምታ ግንድ ለግንድ እየተደገፈች መጣች። አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። አንዴ የፈረሰችውን አሚቾ፣ አንዴ የተጋደሙትን ቢጫ ችግኞች አየች፤ ከዚያ የራሷን ቀጭን ክንድ አየች።

«አባዬ፣ እኔም እንደ እነሱ ነኝ አይደል?» አለችው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ዘበርጋ ዕድሜውን ሙሉ የሸሸው ነገር ከፊቱ ቆሞ ነበር። አንዱን ችግኝ ነቅሎ ወደ እማማ ትርፌ ቤት ገሠገሠ።

እማማ ትርፌ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ችግኙን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ምን አጎደልኩባቸው እማማ?» አለ ዘበርጋ። «ፍግ አልነፈግኋቸው። ውኃ አልነፈግኋቸው።»

«ፍግ እኮ ጨው ነው ልጄ። ጨው የሌለው ወጥ አይጥምም፤ ጨው ብቻውን ግን ወጥ አይሆንም። ምግቡን የሚሠራው ቅጠሉ ነው። ከላይ ብርሃኑን ይቀበላል፣ ከሥር ውኃውን ይስባል፣ ከነፋሱም የማይታየውን ይወስዳል፤ እነዚህን አዋህዶ ጣፋጭ ያደርጋቸዋል። የሚያስፈልገውን ይበላል፤ የተረፈውን ወደ ታች አውርዶ አሚቾው ውስጥ ለክፉ ቀን ያኖረዋል። አንተ የምትበላው ቆጮ ሌላ ምን መሰለህ? ተጠራቅሞ የተቀመጠ ፀሐይ ነው።»

«ታዲያ መጀመሪያ ላይ እንዴት በቀሉ?»

«በእናታቸው ስንቅ። ስንቅ ደግሞ ለመንገድ እንጂ ለዕድሜ ልክ አይሆንም። እናቲቱ የሰጠቻቸው ቅጠላቸውን እስኪዘረጉ ነው። እነሱማ ዘረጉ፤ አንተ ፀሐዩን ከለከልክባቸው። ከዚያ ምን ያድርጉ? እሷን በሉ፣ በሉ፣ አለቀች።»

ዘበርጋ አንገቱን ደፋ። እማማ ትርፌ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሚስትህ ልትሞት ስትል ምን ነበር ያለችህ?»

«ልጄን አደራ።»

«ከፀሐይ ደብቃት ብላሃለች?»

«አላለችም።»

«እንዳትደክም፣ እጇ እንዳይሠራ ብላሃለች?»

«አላለችም» አለ ዘበርጋ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ከየት አመጣኸው?»

«ከፍርሃቴ» አለ።

እማማ ትርፌ እጃቸውን ዘርግተው ራሱን ዳበሱት፤ ሽበት የወረረውን ራስ እንደ ሕፃን ራስ ዳበሱት። «አውቃለሁ» አሉት። «አንተ ክፉ አባት አይደለህም። እንዳንተ ልጁን የወደደ አባት በዚህ አገር አላየሁም።»

«እኔ የማጎርሳት እንድትበረታ ነው።»

«ምግብ ይጎረሳል ልጄ። ጉልበት ግን አይጎረስም። በገላችን ውስጥ ቁጥር የሌላቸው ትንንሽ ጎጆዎች አሉ በል፤ በየጎጆው ምድጃ አለ። አንተ ማገዶውን ተሸክመህ በራፍ ድረስ ታመጣለህ። እሳቱን ግን የሚያነድደው ባለቤቱ ነው። ለሰው ምድጃ ከውጭ ሆኖ እፍ የሚል የለም። እሷ ካልተራመደች፣ ካልሠራች፣ ካላላባት ማን ያነድደዋል? ያመጣኸው እንጨት እዚያው በራፉ ላይ ተከምሮ ይቀራል።»

የእማማ ትርፌ ጎጆዎች እውነት ናቸው። ዛሬ ሕዋስ እንላቸዋለን። ደም ምግቡን ከደጃቸው ያደርስላቸዋል፣ ትንፋሽ አየሩን ያደርስላቸዋል፤ ማንደዱ ግን የእያንዳንዱ ሕዋስ የራሱ ሥራ ነው። ጎረቤቱ ካነደደው እሳት ጉልበት ተበድሮ የሚያድር ሕዋስ የለም። ሥራ የበዛበት ጡንቻ በሕዋሶቹ ውስጥ ምድጃ ይጨምራል፤ ሥራ የፈታው ምድጃውን ይቀንሳል። ቅጠልም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ቅጠል ከፀሐይ የሠራውን ለሌላው ሊያካፍል ይችላል፤ ከተካፈለው ውስጥ ጉልበት የሚያወጣው ግን ተቀባዩ ራሱ ነው። ፈጣሪ ነገሩን እንዲህ ማድረጉ ጭካኔ ይመስላል። ጭካኔ ግን አይደለም፤ ለትንሿ ቅንጣት እንኳ የራሷን ምድጃ መስጠት ማክበር ነው።

«ፀሐይ ትመታለችኮ እማማ» አለ ዘበርጋ፤ አሁንም ፍርሃቱ አልወጣለትም።

«ትመታለች። ውኃስ አያሰጥምም? ውኃ መጠጣት ተውን እንዴ?» እማማ ትርፌ ሳቅ አሉ። «ደግሞ ጥላ ለምዶ የኖረን ችግኝ በአንዴ አውጥተህ ገላጣ ላይ አትገትረው፤ ይቃጠልብሃል። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት፣ ቀስ በቀስ ነው። እና ዘበርጋ፣ አንተ አትትከላቸው። እሷ ትትከላቸው።»

«ትደክማለች!»

«ትድከም!» አሉ እማማ ትርፌ።

ዘበርጋ ቤቱ ሲደርስ ሽታዬ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ እንደተቀመጠች ነበር። አጠገቧ ተቀመጠ። ከዚያ ዶማውን አንስቶ ጭኗ ላይ አደረገላት። መትከል የወንድ ሥራ ነው፤ እሱ የሴቱን ሲሠራ ኖሯል፣ አሁን ደግሞ እሷ የወንዱን ልትሠራ ነው። በዚያ ቤት ነገሩ ሁሉ ከጥንቱም ተገላብጦ ነበር።

«እናትሽ የተከለቻት እንሰት ልጆች ናቸው» አላት። «በሕይወት የቀሩት ጥቂት ናቸው። አንቺ ካልተከልሻቸው እኔ አላድናቸውም።»

ሽታዬ ዶማውን አየችው፣ አባቷን አየችው። «እችላለሁ ትላለህ?»

«አላውቅም» አለ ዘበርጋ። ለልጁ አላውቅም ሲላት የመጀመሪያው ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ሽታዬ ለጋዋን ፀሐይ ፊቷ ላይ ተቀብላ ወደ ገላጣው ወጣች። ዶማውን አንስታ አፈሩን አንዴ መታች፣ ደግማ መታች፤ ልቧ ደረቷን ሊቀድደው ደረሰና ቁጭ አለች። ዘበርጋ ዘሎ ተነሣ። «ተወኝ አባዬ» አለችው። ተመልሶ ተቀመጠ። እጆቹ ግን አልታዘዝ አሉት፤ ስለዚህ ከጭኑ ሥር ከተታቸውና ተቀመጠባቸው። ልጅቱ ትንፋሿ ሲመለስ ተነሣች፣ ደግሞ ቆፈረች፣ ደግሞ ተቀመጠች። ያን ቀን አንዲት ችግኝ ብቻ ተከለች። ቀትር ሳይሆን ላዩ ላይ ኮባ አጠላችበትና ገባች፤ ምሳዋን በራሷ እጅ በላች። እንደዚያ ቀን ምግብ ጣፍጧት አያውቅም።

ዘበርጋ ግን ፈሪ መሆኑን በአንድ ቀን አልተወውም። ሽታዬ ፀሐይ ላይ በወጣች ቁጥር የዳማከሴ ቅጠል በእጁ ጨብጦ ከኋላዋ ይከተላት ነበር።

«አባዬ፣ ገና ሳልታመም ልታሽልኝ ነው?»

«ምናልባት» ይላል።

«እንግዲያው ለራስህ አሽትተው፤ የገረጣኸው አንተ ነህ!»

በጎረቤት ያሉት ሴቶች ይህን አይተው ሲስቁ ዋሉ። «እሜቴ ዘበርጋ ዛሬ ደግሞ ሐኪም ሆኑ!» አሉ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ከልቡ ሲስቅ የሰሙት ከስንት ዘመን በኋላ ነው።

ችግኞቹ እየቆዩ አገገሙ። መጀመሪያ የወጣው አዲስ ቅጠል ጥቅልሉን ሲፈታ አረንጓዴው ዓይን ይስብ ነበር። ቀጥሎ ሌላው ወጣ። ሽታዬም እንዲሁ ሆነች። ፊቷ ጠየመ፣ እጇ ሻከረ፣ እርምጃዋ ጸና። ከምንጭ እንስራ ሙሉ ውኃ ይዛ ሽቅብ ስትወጣ ዘበርጋ በራፍ ላይ ቆሞ ያያታል፤ ሮጦ ሊቀበላት እግሩ ይነሣል፣ ራሱን ይገሥጻል፣ እግሩ ይመለሳል። ይህ ለእሱ እንሰት ከመፋቅ የከበደ ሥራ ነበር። ማጉረስ ቀላል ነው፤ እጅን መሰብሰብ ግን ያማል።

ዓመታት አለፉ፤ እንሰቶቹ ከሰው ቁመት በለጡ። ሽታዬ ከሴቶቹ ጋር በደቦ ተቀምጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትፍቅ ተረከዟ እየተንሸራተተ አስቸገራት። «እሜቴ ዘበርጋ ልጃቸውን ሳያስተምሩ ላኩብን!» አሉና ሳቁ። ከዚያ እግሯን ይዘው አቀማመጡን አሳዩአት። የፋቀችው በኮባ ተሸፍኖ ጉድጓድ ገባ። እዚያ ውስጥም በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ፤ አየር በሌለበት ጨለማ ከዚያው ከእንሰቱ ትንሽ ትንሽ እየበሉ ያብላሉታል። ጊዜው ሲደርስ ሽታዬ ቆጮውን አወጣች።

ያን ጊዜ ዘበርጋ አልጋ ላይ ነበር። ወገቡ ጨርሶ እምቢ ብሎታል። ከሕመሙ ይልቅ ግን የጎዳው ሐሳብ ነው። ሠርቶ የማያውቀው ነገር ቢኖር መቀመጥ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። «ከእንግዲህ ለምንም የማልሆን ሰው ነኝ፤ ሸክም ሆንኩብሽ» ይላታል። ምግብ ስታቀርብለት ቀመስ አድርጎ ይተወዋል።

ሽታዬ ትኩሱን ቆጮ በኮባ እንደተጠቀለለ ይዛ ገባች። ቆርሳ ጠቀለለችና ወደ አፉ አቀረበች።

«እጅ አለኝ» አለ ዘበርጋ ከግድግዳው ሳይዞር።

«አውቃለሁ። ለዛሬ አሳርፈው» አለችው።

ይህን ቃል ያውቀዋል። ዞር አለ። ጎረሰና ቀስ ብሎ አኘከ፤ ከዚያ ማኘኩን አቆመ።

«ከየትኛው እንሰት ነው?»

«ከእናቴ እንሰት ልጆች። እኔ ነኝ የፋቅሁት።»

ዘበርጋ እንባው በጉንጩ ወርዶ ጢሙ ውስጥ ገባ። ሚስቱ በእጇ የተከለቻት እንሰት ቅጠል ያኔ ከፀሐይ ሠርቶ ያኖረው ስንቅ፣ ከአሚቾው ለችግኙ፣ ከችግኙ ለልጁ፣ አሁን ከልጁ እጅ ወደ እሱ አፍ ደረሰ። አደራውን የበላ መስሎት ስንት ዓመት ፈርቷል። አደራው ራሱ ተነሥቶ እያጎረሰው ነው።

ሽታዬ እንባውን በመዳፏ ጠረገችለት። «አሁን ተነስ አባዬ። እኔ ማገዶውን አምጥቻለሁ፤ ማንደዱ የአንተ ነው። ውጭ ፀሐይ ወጥቷል።»

«ምች ቢመታኝስ?» አለ፤ ከብዙ ቀን በኋላ ፈገግ ብሎ።

«ዳማከሴ ይዤ እከተልሃለሁ!»

በክንዷ ላይ ተደግፎ ወጣ። ድሮ ከቤት እስከ ጓሮ ለመድረስ ታለከልክ የነበረችው ልጅ ክብደቱን ተሸክማ አወጣችውና በጓሮው በር በኩል በርጩማ ላይ አስቀመጠችው። ፀሐዩ ጀርባውን አሞቀው። ከሚስቱ ሞት ወዲህ ፀሐይ ልሙቅ ብሎ ተቀምጦ አያውቅም ነበር።

«የእናትሽ አሚቾ የት ነበር የተቀበረችው?» አላት ቆየት ብሎ። «ቦታው ጠፋብኝ።»

ሽታዬ ሄዳ አሳየችው። ከትልልቆቹ እንሰቶች ሥር ሜዳ የሆነ መሬት ነው፤ ምንም ምልክት የለውም። ዘበርጋ አንገቱን ነቀነቀ። ያኔ ባዶ ሆና ባገኛት ጊዜ ጠፋች ብሎ አልቅሶ ነበር። አሁን ቀና ብሎ ገላጣው ላይ በነፋስ የሚወዛወዙትን ሰፋፊ ቅጠሎች ሲያይ የት እንደሄደች ገባው። «እኔ ስሞት ማን ያጎርሳታል?» የሚለውም ጥያቄ ከልቡ ሲነቀል ተሰማው።

በርጩማው አጠገብ ሽታዬ በቅርቡ የቀበረችው ሌላ አሚቾ ነበር። ከአፈሩ አንድ ችግኝ ብቅ ብሏል፤ የመጀመሪያ ቅጠሉ ገና ተጠቅልሎ ነው። ዘበርጋ ልብ ብሎ ሲያየው የራሱ ጥላ ወድቆበታል። ወገቡን እያመመው በሁለት እጁ በርጩማውን ይዞ ወደ ጎን መጎተት ጀመረ።

«ምን ፈለግህ አባዬ? ጥራኝ እንጂ!» አለች ሽታዬ ከጓሮ እየመጣች።

«ምንም» አለ ዘበርጋ። «ከልዬው ነበር።»

ወዳጆች ሆይ፣ የዚህ ታሪክ ትምህርት ይህ ነው፤ የምንወደውን ሰው መመገብ እንችላለን፣ መሰነቅ እንችላለን፣ ማገዶውን ከበራፉ ማድረስ እንችላለን። እሳቱን ግን በእሱ ፋንታ ማንደድ አንችልም፣ ፀሐዩንም በእሱ ፋንታ መቀበል አንችልም። ስንቅ የሚሰጠው ልጅ ቅጠሉን እስኪዘረጋ ነው፤ ከዘረጋ በኋላ ፍቅር ማለት ዞር ማለት ነው። ዞር ማለት መተው አይደለም፤ ዘበርጋ እጁ ላይ ተቀምጦም ዓይኑን ከልጁ አልነቀለም። የሰጠነውም አይጠፋም፤ ባዶ ሆንን ባልንበት ቀን፣ ያጎረስናቸው እጆች በርትተው ጉርሻ ይዘው ይመጣሉ።

አሁን አንድ የምትወዱትን ሰው አስቡ፤ ልጅ ይሁን፣ የትዳር ጓደኛ ይሁን፣ ታናሽ ወንድም ይሁን። ከዚያ ወደ መሬት ተመልከቱ። ጥላችሁ የወደቀው የት ላይ ነው?